ክኒን ያስጾሙ ሴቶች

የባዩሽ እጆች በሰሊጥ ዘይት ርሰዋል። አንዱ እጇ የአሮጊቷን ተረከዝ ደግፎ ይዟል፤ ሌላው ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ይወጣል፣ ይወርዳል። የጂዛን የሰሊጥ ዘይት ወፍራም ነው፤ ቆዳ ቶሎ አይጠጣውም፤ ስለዚህ ማሸቱ ጊዜ ይፈልጋል። ባዩሽም ጊዜውን አትጠላውም። እጇ ሲያሽ ዓይኗ ሌላ ሥራ ይሠራል። ከጉልበት በታች አዲስ የበለዘ ቦታ አለ? ትናንት የበለዘው ሰፍቷል ወይስ ደብዝዟል? ጥርሳቸውን ሲፍቁ ድዳቸው ደምቷል? ይህን ሁሉ በየቀኑ አይታ ደብተር ላይ መጻፍ የእሷ ድርሻ ነው።

«አልጨረስሽም?» አሉ ሐሊማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«እግርዎ ረጅም ነው፣ ማማ። ቶሎ አያልቅም።»

«ከእግሬስ ምላስሽ ይረዝማል።»

እንዲህ ሲባባሉ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ባዩሽ ከወሎ፣ ከደላንታ የመጣች የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። መጀመሪያ በሠራተኝነት የገባችው በሳዑዲ ዐረቢያ ደቡብ ጫፍ፣ በጂዛን ክፍለ ሀገር፣ አል-ሙወሰም አጠገብ ካለች ትንሽ መንደር፣ ከሐሊማ ቤት ነበር። ከሰገነቱ ላይ ሲቆሙ የየመን ኮረብታዎች ይታያሉ። የየመኑ ጦርነት ሲመጣ መንደሪቱ ባዶ እንድትሆን ታዘዘ። ሐሊማ ፍየላቸውን ሸጠው፣ በራቸውን ቆልፈው፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ወደ ዳማድ ተሰደዱ። ዳማድ ከድንበሩ ራቅ ያለች የእርሻ ከተማ ናት፤ ልጃቸው ኡስማን እዚያ አስተማሪ ነው። ባዩሽም አብራ መጣች። ቁልፉ እስከ ዛሬ የሐሊማ አንገት ላይ አለ። ዘይት በምትቀባበት ሰዓት ባዩሽ ወደ ጎን ታደርገዋለች እንጂ አታወልቀውም።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ሐሊማ ደረታቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ጂዛን ከተማ ሆስፒታል ሲደርሱ ከልባቸው የደም ሥሮች አንዱ ተዘግቶ ተገኘ። ሐኪሞቹ ከፈቱት፤ መልሶ እንዳይዘጋም ስቴንት የሚሉትን ቀጭን የሽቦ ቱቦ አስገቡበት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነገር ያስረዳቸው ሱዳናዊው ዶክተር ሙሐረም ነው። ወጣት ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም።

«በደማችን ውስጥ ፕላትሌት የሚባሉ ደቃቅ ነገሮች አሉ» አለ። «ጣት ሲቆረጥ ሮጠው መጥተው፣ ተያይዘው ቀዳዳውን የሚደፍኑት እነሱ ናቸው። ደጎች ናቸው። ችግራቸው አንድ ነው፤ ቁስልና ሽቦ አይለዩም። ሽቦውን ሲያዩ ቁስል መስሏቸው ይሰበሰቡበታል። ከተሰበሰቡ የደም ሥሩ ይዘጋል፤ ሰው ይሞታል። እንዳይሰበሰቡ የሚይዛቸው ክኒን አለ። አንድ ዓመት ሳይቋረጥ ይዋጣል።»

ቀጥሎ የጥናቱን ነገር አነሣ። አሮጌው ክኒን ሥራውን ያውቃል፤ ነገር ግን አንዴ የያዘውን ፕላትሌት እስኪሞት አይለቅም፤ በዚህም የተነሣ አንዳንዱን ሰው ክፉኛ ያደማል። አሁን አዲስ ተሠርቷል። እንደ አሮጌው አጥብቆ እንዲይዝ፣ መዋጡ ሲቆም ግን ቶሎ እንዲለቅ ታስቦ ነው የተሠራው። እንደታሰበው መሆኑን ገና ማንም አያውቅም። በየአገሩ ብዙ ሰው እየዋጠው ይታያል፤ ግማሹ አዲሱን፣ ግማሹ አሮጌውን። ብልቃጡ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም።

«ለእኔ የትኛው ነው የሚደርሰኝ?» አሉ ሐሊማ።

«እኔም አላውቅም፣ ሐጃ። ባውቅ ዓይኔ ያደላል። የሚታወቀው በመጨረሻ ነው።»

ሐሊማ አሰቡበት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ወሬውን ሰማ። «ሪያድ ያሉ ባለጸጎች ያላገኙትን መድኃኒት ነው የምውጠው» ይላሉ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ።

ደብተሩ ለባዩሽ ተሰጠ። ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ አታነብም። ዶክተሩ «በምትችዪው ፊደል ጻፊ፤ እኔ ስመጣ ታነቢልኛለሽ» አላት። አማርኛ መጻፍ የተማረችው በሠላሳ ዓመቷ፣ ልጇ ንግሥት አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ በልጇ መጽሐፍ ነው። ስትጽፍ የምላሷ ጫፍ ከጥርሷ መካከል ብቅ ይላል፤ ፊደሎቿም እንደ ጎጆ ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። «ዋጡ። ድድ ደኅና። ቀኝ ጉልበት በልዟል፣ የምስር ፍሬ ያህል።» በየቀኑ እንዲህ ትጽፋለች።

ማስጠንቀቂያው በዐረብኛ ታትሞ ነበር፤ ኡስማን ለሁለቱም ጮክ ብሎ አነበበላቸው። እንዳይወድቁ። በስለት እንዳይቆረጡ። ሳይጠይቁ ጥርስ እንዳያስነቅሉ። ክኒኑን እንዳያቋርጡ። ሁለቱ ሴቶች ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ገብቷቸዋል።

ከዚያ ሻዕባን ወር ገባ፤ ሐሊማም ሒጃማ አማራቸው።

ሒጃማ በእኛ አገር ዋግምት የምንለው ነው። ጀርባ ላይ ኩባያ ይደፋል፣ ቆዳው ይጫራል፣ ደሙ ይሳባል። ሐሊማ ከልጅነታቸው ጀምሮ ረመዳን ከመግባቱ በፊት፣ በሻዕባን አሥራ ሰባት፣ ሳያስወጡ ቀርተው አያውቁም ነበር። ከስደቱ ወዲህ ግን አጫሪያቸው ዘሐራ የት እንደገባች ጠፍቶባቸው ዓመታት ዘለሉ። ዘሐራ የዚያችው የድንበር መንደር ሴት ናት። በዚያ ሰሞን ዳማድ ገበያ ውስጥ ተገናኝተው፣ ከቤታቸው በሁለት መንገድ ርቀት ላይ እንደምትኖር አወቁ። አሮጊቷ በዚያ ቀን ቤት ሲገቡ እንደ ልጃገረድ ነበር የሚሄዱት።

በስለት አትቆረጡ የሚለው ነገር ትዝ ያላቸው የለም። ቢታወሳቸውም ከሒጃማ ጋር አያገናኙትም ነበር። መቆረጥ ማለት ቢላ ሲያመልጥ ነው፤ ሒጃማ ግን ጽዳት ነው። ባዩሽም ብትሆን የዋግምት አውጪ ልጅ ናት። አባቷ ደላንታ ላይ በላም ቀንድ ያወጡ ነበር። የበላ ሰው ከመጣ «ነገ ጾመህ ና» ብለው ይመልሱታል፤ ከዋግምት በፊት ሆድ ባዶ መሆን አለበት። ዘሐራም የምትለው ይህንኑ ነው።

እና ሰኞ ጠዋት፣ በሻዕባን አሥራ ሰባት፣ ሐሊማ ሳይበሉ ተቀመጡ። ለባዩሽም ቀኑ የሰሙነ ሕማማት ሰኞ ነው፤ እሷም ጾመኛ ናት። ብልቃጡን ይዛ መጥታ ቆም አለች።

«ማማ፣ እርስዎ ጾመዋል፤ እኔም ጾሜአለሁ» አለች። «ክኒኑንስ ለዛሬ ብናስጾመው? ደም ያቀጥናል ብለዋል፤ ከሒጃማ ጋር አይጋጭም?»

«ማሻአላህ! አንዳንዴ ጭንቅላት አለሽ» አሉ ሐሊማ። «ይጹም! ነገ ያፈጥራል።»

ተሳሳቁ። ማቋረጥ አልመሰላቸውም። ጾም መች ማቋረጥ ሆኖ ያውቃል? የሚጾም ሰው ማታ ይበላል፤ ጾሙም ሆዱን ያጸዳለታል። ባዩሽም የአንድ ቀን ጾም ክኒኑን ከደም ጠርጎ የሚያወጣው መሰላት። ስሕተቱ ይኸው ነበር፤ ሐሳቡም የራሷ ነበር።

ዘሐራ ከሰዓት በኋላ፣ አሱር እንደተሰገደ መጣች። አምስት ኩባያ ደፋች። በቀጭን ምላጭ ጫር ጫር አደረገች፤ እጇ ቀላል ነው፣ እንደ ድመት ጥፍር። ደሙ ኩባያው ውስጥ ገባ። ሌላ ጊዜ ደቂቃዎች ሳይቆይ እንደ ጉበት ይረጋል፤ ኩባያው ሲነሣ ተጠቅልሎ ይወጣል። ያን ቀን አልረጋም። ኩባያውን ስታነሣው ጀርባቸው ላይ ወረደ።

«ሐሊማ፣ ደምሽ ሻይ ሆኗል!» አለች ዘሐራ።

«ስኳር ጨምሪበት» አሉ ሐሊማ።

የመጀመሪያው ፎጣ ቀላ። ሁለተኛውም። በሦስተኛው ላይ የሚቀልድ ጠፋ። ዘሐራ ኩባያዎቿን ጥላ ቆመች። ባዩሽ ንጹሕ ፎጣ አጥፋ በሁለት መዳፎቿ ጀርባቸውን ተጫነች።

«ኡስማን ጋ እንደውል፣ ማማ።»

«ማንም ጋ አይደወልም።»

ባዩሽ ፎጣውን ገልጣ ለማየት እጇ ይቁነጠነጥ ነበር፤ አልገለጠችም። ክንዷ እስኪደነዝዝ ተጫነች። ከደቡብ፣ ከድንበሩ በኩል፣ ከሩቅ ሁለት ጊዜ ድው የሚል ድምፅ መጣ፤ ማንም ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ፀሐይ ልትጠልቅ፣ መግሪብ ሲቃረብ ደሙ ቆመ።

ሐሊማ ውሃ ጠጥተው ከንፈራቸውን ጠረጉ። «ይህን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው» አሉ። «አራተኛ ሰው ካወቀ ያወራችው ከሁለታችሁ አንዷ ናት። ኡስማን ከሰማ ዘሐራን ከደጄ ያባርራታል። ሐኪሙ ከሰማ ከጥናቱ ያስወጣኛል።»

ዘሐራ ኩባያዋን ሰብስባ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሣ ወጣች።

ማክሰኞ ጠዋት ባዩሽ ክኒኑን አቀረበች። ሐሊማ በጣታቸው ገፉት።

«ይህ ነው ደሜን ውሃ ያደረገው። ኸላስ! አልውጥም።»

«ማማ፣ ሽቦውስ?»

«ሽቦው የእኔ ነው። ደብተርሽ ላይ “ዋጡ” ብለሽ ጻፊ።»

ባዩሽ ለመነች፤ ተቆጣች፤ በቴምር ደብቃ ሞከረች። አሮጊቷ ቴምሩን በልተው ክኒኑን መዳፏ ላይ ተፉላት። ረቡዕም እንደዚያው። ሐሙስ ጠዋትም እንደዚያው። ስቴንቱ ከገባ ገና ሦስት ወሩ ነው። የጀርባው ቁስል እየደረቀ ነበር፤ ባዩሽን ያስጨነቃት የማይታየው ቁስል ነው። የዶክተሩ ነገር በጆሮዋ ይደውላል፤ ሽቦውን ሲያዩ ይሰበሰቡበታል። በእነዚያ ቀኖች ሐሊማ በሳሉ ቁጥር የያዘችውን ዕቃ እንደያዘች ቀጥ ትላለች።

ሐሙስ ዶክተሩ የሚመጣበት ቀን ነበር። በየወሩ መጥቶ ደብተሩን ያስነብባል፣ የተረፈውን ክኒን ይቆጥራል፣ አዲስ ብልቃጥ ይሰጣል።

«አራት ይተርፋል» አሉ ሐሊማ። «መጸዳጃ ቤት ውሰጂና ጣዪው። ያላ፣ ሳይመጣ!»

ባዩሽ አራቱን ክኒን በመዳፏ ይዛ ገባች፤ በሩን ዘጋች፤ ውሃውን ከፈተች። ሐሊማ ደጅ ሆነው ድምፁን እየሰሙ ነው። መኖሪያ ፈቃዷ ከዚህ ቤት ጋር የታሰረ ነው፤ ቤቱ ካስወጣት ዳማድ ውስጥ ሌላ መግቢያ የላትም። ንግሥት ደግሞ ገና ትምህርት ላይ ናት። ይህን ሁሉ አሰበች። ከዚያ አባቷ ትዝ አሏት። አንድ ቀን ቀንዳቸው ከሚገባው በላይ ስቦ አንድ ገበሬ ራሱን ሳተ። አባቷ ቀንዱን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ቤት ለሞላው ሰው «ዛሬ እጄ ስቷል፤ ውሃ አምጡ፣ ሰው ጥሩ» አሉ። ገበሬው ዳነ። በበነጋታውም ሌላ ታካሚ ደጃቸው ቆሞ ነበር።

ባዩሽ ውሃውን አፈሰሰች። ክኒኖቹን ግን ሻሿ ጫፍ ላይ ቋጠረቻቸው።

ዶክተሩ የመንገድ ፍተሻ ላይ ቆይቶ አርፍዶ ደረሰ። ሐሊማ ንጹሕ ልብስ ለብሰው፣ ትራሱን ሳይደገፉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ኡስማንም ከትምህርት ቤት ተመልሷል።

«እንዴት ነዎት፣ ሐጃ?»

«እንደ ሙሽራ።»

ዶክተሩ ሣቀና ብልቃጡን ለመቁጠር እጁን ዘረጋ። ያኔ ባዩሽ የሻሿን ጫፍ ፈታች፤ አራቱን ክኒን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ደብተሩን ከፈተች። የጻፈችውን እያየች በዐረብኛ አነበበች።

«ሰኞ። ሒጃማ ነበር። ክኒኑን ለዚያ ብለን አስጾምነው። ያስጾምሁት እኔ ነኝ። ደም ከአሱር እስከ መግሪብ አልቆመም። ሦስት ፎጣ። ማክሰኞ። ፈርተው አልዋጡም። ረቡዕ። አልዋጡም። ሐሙስ። አልዋጡም። ጣዪ አሉኝ፤ አልጣልሁም።»

«እባብ!» አሉ ሐሊማ። «ስድስት ዓመት እግሬን ያሳሸሁት በእባብ ነው!»

«ያሸሁትስ እኔ ነኝ፣ ማማ» አለች ባዩሽ ቀስ ብላ።

ኡስማን ሊጮህ አፉን ከፈተ። ዶክተሩ እጁን አንሥቶ አስቆመው። «መጀመሪያ ደረታቸው» አለ። «ሐጃ፣ ደረትዎን ይጫንዎታል?»

«የሚጫነኝ እሷ ናት!»

ሌላ የሚጫን ነገር አልነበረም። የሆነው ሆኖ ዶክተሩ ሐሊማን በኡስማን መኪና ጂዛን ወሰዳቸው። ልባቸው ተመረመረ፤ ቁስሉ ታየ፤ የጥናቱ ኃላፊዎች ዘንድ ተደወለ። ክኒኑን እዚያው፣ እሱ ፊት እንዲውጡ ተደረገ። የደም ሥሩ አልተዘጋም ነበር። «አንድ ሳምንት ቢቆይ ኖሮ ምን እንደምናገኝ አላውቅም» አለ ዶክተሩ፤ ከዚህ በላይ አላለም።

አብራ የሄደችው ባዩሽ የሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ቆማ ነበር። ዶክተሩ ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«እህቴ፣ ክኒን በአንድ ቀን ጾም ከሆድ ይወጣል እንጂ ከደም አይወጣም። አሮጌው ከሆነ የያዛቸው ፕላትሌቶች ሞተው በአዲስ እስኪተኩ ሳምንትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። አዲሱ ከሆነ ምናልባት ቶሎ ይለቅ ይሆናል፤ እሱን ነው የምንፈትነው።»

«ታዲያ ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«አንቺ አስጾምሽው። ሒጃማን ከማስጠንቀቂያው የረሳሁት ግን እኔ ነኝ። ወረቀቱ የተጻፈው ሩቅ አገር ነው፤ ጸሐፊዎቹ ሒጃማ አያውቁም። እኔ ግን ሱዳን ነው ያደግሁት። አያቴ ጀርባ ላይ የኩባያ ምልክት ነበር፤ ማስታወስ ነበረብኝ። አራቱን ክኒን ብትጥያቸው እኔ የምጽፈው “በየቀኑ ወስደዋል” ብዬ ነበር። ልባቸው ቢዘጋ “እየዋጡት ዘጋባቸው” ይባላል። ውሸቱ ከሌላው ሰው ውጤት ጋር ተደምሮ ይሄዳል፤ ማን ተመልሶ ያወጣዋል?»

በሚቀጥለው ወር ከብልቃጡ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ፣ ስለ ጥርስ ማስነቀል ከሚያስጠነቅቀው መስመር ሥር፣ «ሒጃማ» የሚል በእጅ የተጻፈ መስመር ነበር። ዶክተሩ በሚሄድበት ቤት ሁሉ፣ ፈይፋ ተራራ ድረስ፣ እንዲሁ እየጻፈ እንደሚሰጥ ኡስማን ሰማ።

ሐሊማ ባዩሽን አላባረሯትም። ዘጠኝ ቀን ግን አላናገሯትም። ባዩሽ ፊታቸው ቆማ ሳለ «ኡስማን፣ ለዚያች ሐበሻ ውሃ አምጪ በላት» ይላሉ። ኡስማንም «ውሃ አምጪ» ይላታል። ውሃው ይመጣል። ክኒኑንም በዚሁ መንገድ ይውጣሉ፤ ከእሷ እጅ ወደ ልጃቸው፣ ከልጃቸው እጅ ወደ እሳቸው። ባዩሽ ፋሲካዋን በዚህ ዝምታ ውስጥ አሳለፈች። ደብተሩ ላይ ግን «ዋጡ» ብላ ስትጽፍ እውነቷን ነበር።

በአሥረኛው ቀን፣ ነገ ረመዳን ነው በተባለበት ዕለት፣ ሐሊማ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘረጉ።

«ረጅም ነው ብለሽ ነበር» አሉ። «ያላ፣ ጀምሪ።»

ባዩሽ ዘይቱን ልታመጣ ሄደች።

ዘሐራም አልተከለከለችም። ምላጯን እየተወች መምጣት ቀጠለች። ስለ መንደሩ ያወራሉ፤ የማን በር በየት በኩል ነበር፣ የማን ጉድጓድ ይጣፍጥ ነበር እያሉ።

ዓመቱ ሲሞላ ዶክተሩ የመጨረሻውን ብልቃጥ ሊወስድ መጣ። ጥናቱ ሁሉ አልቆ ቁጥሮቹ የተፈቱት ከዚያም በኋላ ቆይቶ ነው። ያኔ ደወለ። የሐሊማ ብልቃጥ ውስጥ የነበረው አሮጌው ክኒን ነበር።

«አሮጌው!» አሉ ሐሊማ፣ ስልኩን ከጆሮአቸው አርቀው እያዩት። «ጎረቤቱን ሁሉ በከንቱ አስቀናሁት? ታዲያ እኔ ምን ጠቀምሁ?»

«እርስዎ ባይኖሩ አዲሱን ከምን ጋር እናስተያየው ነበር፣ ሐጃ? የእርስዎ እውነትም ያው እውነት ነው።»

ሐሊማ ስልኩን ወደ ባዩሽ አቀበሉ። «ለእሷ ንገራት» አሉ። «የጻፈችው እሷ ናት።»

ቁልፉ አሁንም አንገታቸው ላይ ነው። ባዩሽም አሁንም እዚያው ናት፤ ዘይቱም፣ እግሩም አላለቀም።

ይህ ታሪኳ እንዲጻፍ ስትፈቅድ ባዩሽ ስለ ራሷ ምንም እንዲታከልላት አልጠየቀችም። የምታነቡትን ሰዎች ግን አንድ ነገር ለምናችኋለች። ቤታችሁ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ክኒን የሚውጥ አባት ወይም እናት ካለ፣ ዋግምት አውጪው ወይም ጥርስ ነቃዩ ደጅ ከመድረሱ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። ሳትጠይቁ አስጾማችሁት ከሆነም፣ የተረፈውን ክኒን አትጣሉት፤ ቋጥራችሁ ያዙትና ስንት ቀን እንደጾመ ተናገሩ።